የቀረችው አንዷ ዋንጫ

ሜልቦርን፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2017 ምሽት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ለአውስትራሊያ ኦፕን ዋንጫ ሁለት እህትማማቾች ተፋጠዋል። ታላቋ ቬነስ 36 ዓመቷ ነው፤ ታናሿ ሴሬና 35። በሜዳ ቴኒስ ይህ የጡረታ ዕድሜ ነው። ታናሿ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈች። በሁለቱ ሳምንታት ሰባት ተጋጣሚዎችን ስታሰናብት አንድ ሰት እንኳ አልተነጠቀችም።

(ለቴኒስ እንግዳ ለሆነ አንባቢ፦ ቢያንስ በሁለት ጌም ልዩነት ስድስት ጌም ቀድማ ያሸነፈች አንድ ሰት ትወስዳለች። በሴቶች ጨዋታ ሁለት ሰት የወሰደች አሸነፈች ማለት ነው።)

ስታዲየሙን የሞላው ተመልካች ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ሴሬና ዊሊያምስ የሁለት ወር ገደማ ነፍሰ ጡር ነበረች። መዝገቡ ይህን አልጻፈም። የጻፈው 23 የሚል ቁጥር ነው፤ 23ኛ የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ። በዚያች ምሽት የስቴፊ ግራፍን 22 አለፈች። ከፊቷ የቀረው አንድ ስም ብቻ ነበር፦ ማርጋሬት ኮርት፣ 24።

አንድ ለመስተካከል፣ ሁለት ለመብለጥ። እስከዚያች ቀን ድረስ በግራንድ ስላም 29 ጊዜ ለፍፃሜ ደርሳ 23ቱን ያሸነፈች ሴት አንድ ዋንጫ ይቸግራታል ብሎ የሚወራረድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ለፍፃሜ ደረሰች። አራቱንም ተሸነፈች። በ2022 ራኬቷን ስትሰቅል ቁጥሩ እዚያው 23 ላይ ነበር።

ከዚህ ተነስቶ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። አንዱ “ከወለደች በኋላ አልቻለችም” ይላል። ሌላው ቃሉን አለስልሶ “ክብረ ወሰኑ አመለጣት” ይላል። ሁለቱም ከቁጥር የተቀዱ አባባሎች ይመስላሉ። ቁጥሮቹ በደንብ ሲነበቡ ግን የሚሉት ሌላ ነው።

*

መጀመሪያ ጠቅላላው መዝገብ።

ሴሬና በነጠላ ጨዋታ 858 ጊዜ አሸንፋ 156 ጊዜ ተሸንፋለች። ከመቶ 84.6 ማለት ነው። 73 ዋንጫ አንስታለች። 319 ሳምንት የዓለም ቁጥር አንድ ሆናለች፤ ከዚህ ውስጥ 186ቱን ሳምንት ከፌብሩዋሪ 2013 እስከ ሴፕቴምበር 2016 ያለማቋረጥ። በዚህኛው የምትስተካከላት ግራፍ ብቻ ነች። ከእህቷ ጋር በጥንድ ለ14 የግራንድ ስላም ፍፃሜ ቀርበው 14ቱንም ወስደዋል። አንድም አልተሸነፉም። በዘመኗ ዋና ተቀናቃኝ ተብላ በየማስታወቂያው ከጎኗ ትቀመጥ ከነበረችው ከማሪያ ሻራፖቫ ጋር 22 ጊዜ ተገናኝታ 20 ጊዜ ረትታታለች። ሁለቱም ሽንፈቶች በ2004 የደረሱ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ 19 ጊዜ በተከታታይ። ይህን “ፉክክር” ብሎ የሸጠ ሰው ጎበዝ ነጋዴ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አንድ ንጽጽር ነው። ከ1,014 ጨዋታዎቿ ውስጥ 423ቱ በአራቱ ግራንድ ስላሞች የተደረጉ ናቸው። ከእነዚህ 367ቱን አሸንፋለች፤ ወደ 87 ከመቶ። መድረኩ ሲከብድ የማሸነፍ መጠኗ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

አጀማመሯ እንዲህ የሚያስጠረጥር አልነበረም። በኦክቶበር 1995፣ በ14 ዓመቷ፣ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ጨዋታዋን አደረገች። አኒ ሚለር የተባለች አሜሪካዊት አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1 ሸኘቻት። አራት ዓመት አልሞላም፤ በሴፕቴምበር 1999 በ17 ዓመቷ የዓለም ቁጥር አንዷን ማርቲና ሂንጊስን ረትታ ዩኤስ ኦፕንን አነሳች።

ከዚያ በኋላ ያለው መዝገብ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ከ2001 ኢንዲያን ዌልስ በኋላ 14 ዓመት ሙሉ ወደዚያ ውድድር አልተመለሰችም። በዚያ ፍፃሜ ሕዝቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮኸባት፤ አባቷ ሪቻርድም የዘር ስድብ እንደሰማ ተናገረ። ያ ውድድር ከግራንድ ስላሞቹ ቀጥሎ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነው። በሴፕቴምበር 2003 ታላቅ እህቷ የቱንዴ ፕራይስ ኮምፕተን ውስጥ በጥይት ተገደለች። በ2006 ደረጃዋ ከመቶ ውጭ ወጣ። በ2007 መጀመሪያ 81ኛ ሆና ሜልቦርን ገብታ ሻራፖቫን በፍፃሜው 6 ለ 1፣ 6 ለ 2 አሸነፈች። በ2010 ዊምብልደንን ካሸነፈች ብዙም ሳይቆይ ሙኒክ ውስጥ ምግብ ቤት ስትወጣ ስባሪ ብርጭቆ እግሯን ቆረጣት። ቀዶ ጥገናው ተከተለ፤ በ2011 መጀመሪያ ደግሞ ሳንባዋ ውስጥ ደም ረጋ። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ሜዳ የተመለሰችው። ያ የረጋ ደም ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

*

አሁን ወደ 24 እንምጣ። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አሠራር አለው።

ማርጋሬት ኮርት አውስትራሊያዊት ናት። ከ24 ዋንጫዎቿ 11ዱ የአውስትራሊያ፣ አምስቱ የፈረንሳይ፣ ሦስቱ የዊምብልደን፣ አምስቱ የአሜሪካ ናቸው። እስከ ኤፕሪል 1968 ድረስ በእነዚህ ውድድሮች የሚገባው “አማተር” ብቻ ነበር፤ ለገንዘብ የሚጫወት አይፈቀድለትም። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን “ኦፕን” ይባላል። የኮርት ዋንጫዎች በዚህ ድንበር ሲከፈሉ 13ቱ ከድንበሩ በፊት፣ 11ዱ ከድንበሩ በኋላ ናቸው። ከ13ቱ ደግሞ ሰባቱ ከ1960 እስከ 1966 አገሯ ላይ በተከታታይ የተወሰዱ ናቸው። በዚያን ዘመን ወደ አውስትራሊያ መሄድ ረጅምና ውድ ጉዞ ነበር፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብዙዎቹ ጠንካራ ተጫዋቾች አይሄዱም ነበር።

የሴሬና ደጋፊዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ “በኦፕን ዘመን ሪከርዱ የሷ ነው” ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ 23 ይበልጣል ከግራፍ 22። ግን ይህ ክርክር ብቻውን ትንሽ ይሸታል። ኮርት ማንንም አልሰረቀችም። የመጣውን ተጋጣሚ ነው ያሸነፈችው፤ ያልመጣውን ማሸነፍ አይቻልም። በ1970 ደግሞ አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ዓመት ጠቅልላ ወስዳለች። ሴሬና በ2015 ሦስቱን ወስዳ አራተኛው ላይ፣ ዩኤስ ኦፕን ግማሽ ፍፃሜ፣ ማንም ባልጠበቃት ጣሊያናዊት በሮቤርታ ቪንቺ ተሸንፋ ቀርታለች።

“ከወለደች በኋላ አልቻለችም” የሚለውን አባባል ለሚያነሳ ሰው የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮርት ራሷ እናት ነበረች። በ1972 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ በ1973 ተመልሳ ከአራቱ ሦስቱን ወሰደች። አውስትራሊያዊቷ ኢቮን ጉላጎንግ እናት ሆና በ1980 ዊምብልደንን አሸንፋለች። ቤልጅየማዊቷ ኪም ክላይስተርስ ከወሊድ በኋላ ሦስት ግራንድ ስላም አንስታለች። ስለዚህ እናትነት በራሱ ምክንያት አይሆንም። እነዚህ ሦስቱ ግን በኦፕን ዘመን እስከ ሴሬና መሰናበት ድረስ ይህን ያደረጉ ብቸኛ ሴቶች ናቸው፤ ክላይስተርስ ስትመለስ 26 ዓመቷ ነበር። ሴሬና ስትመለስ 36።

*

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ሴት ልጇ ኦሊምፒያ በድንገተኛ ቀዶ ጥገና ተወለደች። በማግሥቱ ሴሬና መተንፈስ አቃታት። ከስድስት ዓመት በፊት የደረሰባትን ስለምታውቅ ምን እንደሆነ ገባት። በቀዶ ጥገናው ምክንያት ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒቷን አቁማ ነበር። ነርሷን ጠርታ የሳንባ ሲቲ ስካንና ሄፓሪን እንደሚያስፈልጋት ነገረቻት። ነርሷ የሕመም ማስታገሻው አእምሮዋን አደናግሯት መሰላት። መጀመሪያ የተደረገላት የእግር አልትራሳውንድ ነው፤ ምንም አልተገኘም። ሲቲ ስካኑ በመጨረሻ ሲነሳ ሳንባዋ ውስጥ ትንንሽ የረጋ ደም ታየ። ሳሉ የቀዶ ጥገናውን ቁስል ከፈተው። ሆዷ ውስጥ ደም ተጠራቀመ። እንደገና ቀዶ ጥገና ገባች። ቤቷ ስትመለስ ስድስት ሳምንት ከአልጋ አልተነሳችም።

ይህን ታሪክ ኋላ ራሷ ጻፈችው፣ ተናገረችውም። ትልቁ ጉዳይ ከቴኒስ ይሰፋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አሃዝ እንደሚያሳየው በዚያ አገር ጥቁር ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የመሞት ዕድላቸው ከነጭ ሴቶች በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስሟን ዓለም የሚያውቃት፣ ሀብታም፣ የራሷን በሽታ በስሙ ጠርታ የምትናገር ሴት እንኳ “ተደናግራለች” ከተባለች፣ ስሟን ማንም የማያውቃት እንዴት ትሆናለች የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የስታቲስቲክስ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ሜዳ ስትመለስ ሌላ ቁጥር ጠበቃት። የቴኒስ ደረጃ የሚሰላው ባለፉት 52 ሳምንታት በተሰበሰበ ነጥብ ነው። ዓመት የቀረ ሰው ነጥቡ ይረግፋል። ነፍሰ ጡር ሆና ሳትጫወት እንኳ እስከ ሜይ 2017 የዓለም ቁጥር አንድ የነበረችው ሴት፣ ሜይ 2018 ሮላንድ ጋሮስ ስትደርስ ከ450ኛ በታች ነበረች። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ለወለደች ወይም ለተጎዳች ተጫዋች “ልዩ ደረጃ” ይሰጥ ነበር፤ ያ ግን ውድድሩ ውስጥ ለመግባት ብቻ እንጂ ለዕጣ አይጠቅምም። ዕጣ ሲወጣ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው 32 ተጫዋቾች ገና በጠዋቱ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ይለያያሉ። ሴሬና ከነዚህ ውስጥ አልነበረችም። እርግዝና እንደ ጉልበት ጉዳት ተቆጠረ ማለት ነው።

ፓሪስ ላይ ሦስት ጨዋታ አሸነፈች፤ ከተረቱት አንዷ አሽሊ ባርቲ ነበረች፣ በዓመቱ ያንኑ ውድድር ያሸነፈችው። ከዚያ የደረት ጡንቻዋ ተጎድቶ ከሻራፖቫ ጋር ሊደረግ ከነበረው ጨዋታ ወጣች። በዚያ ውድድር የለበሰችው ሙሉ ገላን የሚያጣብቅ ጥቁር ልብስ ለደም ዝውውሯ እንደሚረዳት ተናግራ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እንዲህ ያለው ልብስ ከእንግዲህ ተቀባይነት እንደሌለው አስታወቀ። ለጨዋታውና ለቦታው ክብር መስጠት ያስፈልጋል ብሎ።

ዊምብልደን በበኩሉ ከ180ኛ በታች የነበረችውን ሴሬናን በውሳኔው 25ኛ አድርጎ መደባት። በዚህ ምክንያት በደረጃዋ 32ኛ የነበረችው ስሎቫኪያዊት ዶሚኒካ ሲቡልኮቫ ከተለዩት ዝርዝር ወጣች፤ ቅሬታዋንም አልደበቀችም። ቅሬታዋ ልክ ነበር። ለአንዷ ፍትሕ ሲደረግ ሒሳቡን ሌላዋ ከፈለች፤ ደንቡ ቀድሞ ቢስተካከል ኖሮ ሁለቱም ባልተቸገሩ። ማኅበሩ ደንቡን ያሻሻለው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው፤ ከወሊድ የሚመለሱ ተጫዋቾች ልዩ ደረጃቸውን እስከ ሦስት ዓመት እንዲጠቀሙበት፣ በመጀመሪያ ዙርም ከተለዩት ጋር እንዳይገናኙ አደረገ። ለሴሬና ያ ዓመት አልፎ ነበር።

*

አራቱ ፍፃሜዎች እነሆ።

ዊምብልደን 2018። ከወለደች አሥር ወር ከግማሽ ሆኗታል። ጀርመናዊቷ አንጀሊክ ኬርበር 6 ለ 3፣ 6 ለ 3። ሴሬና ሜዳው ላይ እንደቆመች ለእናቶች ሁሉ ስትጫወት እንደነበር ተናገረች፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ሳን ሆዜ ላይ በጆሃና ኮንታ 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 ተሸነፈች። በሕይወቷ እንዲህ የከፋ ሽንፈት አልነበረም። በየስፖርት ገጹ “አበቃላት” ተባለ። ኋላ እንደተናገረችው፣ የእህቷ ገዳይ ከእስር መለቀቁን ያወቀችው ከጨዋታው ጥቂት ቀደም ብሎ በስልኳ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 ብቻ ነው።

ዩኤስ ኦፕን 2018። የ20 ዓመቷ ናኦሚ ኦሳካ 6 ለ 2፣ 6 ለ 4። ይህ ፍፃሜ የሚታወሰው በዳኛው ነው። ካርሎስ ራሞስ መጀመሪያ ከአሠልጣኟ ምልክት ተቀብለሻል ብሎ አስጠነቀቃት፤ ራኬት ሰበረች፣ ነጥብ ቀጣት፤ “ሌባ” አለችው፣ አንድ ሙሉ ጌም ቀጣት። አሠልጣኟ ፓትሪክ ሙራቶግሉ ምልክት እየሰጠ እንደነበር ከጨዋታው በኋላ አምኗል። በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ተመልካቹ ሲጮህ ኦሳካ እንባዋን በኮፍያዋ ጥላ ሸፈነች። ወንዶች ከዚህ የባሰ ተናግረው ታልፈዋል የሚለው የሴሬና ክርክር መሠረት የለውም አይባልም። የዚያን ቀን ጨዋታ ግን ዳኛው አልወሰነውም። ኦሳካ የመጀመሪያውን ሰት 6 ለ 2 ስትወስድ ማንም አልተቀጣም ነበር። የተሰረቀ ነገር ካለ የዚያች ልጅ የመጀመሪያ ዋንጫ ደስታ ነው።

ዊምብልደን 2019። ሮማኒያዊቷ ሲሞና ሃሌፕ 6 ለ 2፣ 6 ለ 2፣ በ56 ደቂቃ። ሃሌፕ በጨዋታው ሙሉ ያለ ተጋጣሚዋ ግፊት የሳተቻቸው ኳሶች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሴሬና ከ20 በላይ ሳተች። ሃሌፕ በዚያ ቀን የተጫወተችውን ዓይነት ቴኒስ ማንም ቢገጥመው መዳኑ ያጠራጥራል።

ዩኤስ ኦፕን 2019። ካናዳዊቷ ቢያንካ አንድሬስኩ 6 ለ 3፣ 7 ለ 5። አንድሬስኩ 19 ዓመቷ ነው፤ ሴሬና በዚሁ ውድድር የመጀመሪያ ዋንጫዋን በ1999 ስታነሳ ገና አልተወለደችም። በሁለተኛው ሰት ሴሬና 5 ለ 1 ተመርታ ቆይታ 5 ለ 5 አደረሰችው። የስታዲየሙ ጩኸት ከመብዛቱ የተነሳ አንድሬስኩ ጆሮዋን በእጆቿ ደፈነች። ከዚያ ሁለት ጌም ጨምራ ጨረሰችው።

አራት ፍፃሜ፣ ስምንት ሰት፣ ስምንቱንም ሽንፈት። ሴሬና በአራቱ ያሸነፈቻቸው ጌሞች ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ የቆጠረ ሰው ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፦ 6፣ 6፣ 4 እና 8። ሃያ አራት።

በዕድል የተሸነፈች አይደለችም። የእነዚህን ጨዋታዎች ቪዲዮ ለሚያይ ሰው የሚታየው፣ ሰርቭ ስታደርግ እጇ የሚከብዳት፣ በሌላው ዙር የማትስተውን ኳስ የምትስት ሴት ናት። በ2012 ዊምብልደን ተጋጣሚዋ ያልነካችው ሰርቭ፣ ማለትም ኤስ፣ በአንድ ውድድር 102 የመታች ሴት ናት ይህችው። ራሷም አልካደችም። በኦገስት 2022 ቮግ መጽሔት ላይ በወጣው የስንብት ጽሑፏ፣ በአዘቦት ቀን የኮርትን ሪከርድ እንደማታስበው፣ ፍፃሜ ስትደርስ ግን እንደምታስበው፣ ምናልባትም ከልክ በላይ እንዳሰበችው አስፍራለች። ሪከርዱን አልፈልገውም ብትል ውሸት እንደሚሆንም።

እንግዲህ “አልቻለችም” የሚሉት ያሸነፉ ይመስላል። እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ ይሠራ።

ከዊምብልደን 2018 እስከ ዩኤስ ኦፕን 2019 ስድስት ግራንድ ስላሞች ተደርገዋል። በስድስቱ ውስጥ አሥራ ሁለት የፍፃሜ ቦታ አለ። ኬርበር አንድ፣ ኦሳካ ሁለት፣ ክቪቶቫ አንድ፣ ባርቲ አንድ፣ ቮንድሩሶቫ አንድ፣ ሃሌፕ አንድ፣ አንድሬስኩ አንድ። የቀሩት አራቱ የሴሬና ናቸው። በዚያ ዓመት ከምናምን ውስጥ በዓለም ላይ ካሉ ሴቶች ሁሉ ለፍፃሜ በብዛት የደረሰችው እሷ ናት፤ ከሚቀጥለዋ በእጥፍ። ዕድሜዋ 36 እና 37። የወለደችው ከዓመት በፊት። ሳንባዋ ላይ ሁለት ጊዜ ደም ረግቷል።

በመሐል ያለው የ2019 አውስትራሊያ ኦፕንም አለ። በሩብ ፍፃሜ ካሮሊና ፕሊሽኮቫን በሦስተኛው ሰት 5 ለ 1 እየመራች፣ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ከዚያ ወዲያ አንድም ጌም አላሸነፈችም፤ 7 ለ 5። ዶክተር አልጠራችም፣ ሰበብም አላደረገችውም፤ ተጋጣሚዋ ድንቅ ተጫወተች ብላ ወጣች።

ይህ የአንዲት ሌላ ተጫዋች ሙሉ መዝገብ ቢሆን፣ ስሟን ቀይሮ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ፣ “በ37 ዓመቷ፣ ከከባድ ወሊድ በኋላ፣ በስድስት ግራንድ ስላም አራት ጊዜ ፍፃሜ የደረሰች እናት” ቢባል፣ የስፖርቱ ዓለም ቆሞ ያጨበጭባል። ሴሬና ላይ ውድቀት ተብሎ የተጻፈው 24 የሚባል ቁጥር ከፊት ስለተቀመጠ ነው። ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ፍፃሜ ደርሶ መሸነፍንና መጀመሪያ ዙር ላይ መውደቅን አንድ ዋጋ ይሰጣቸዋል፤ ዜሮ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ለአንደኛው ስድስት ሰው ማሸነፍ ያስፈልጋል።

በዚያው በቮግ ጽሑፏ ወንድ ብትሆን ኖሮ ያንን ጽሑፍ እንደማትጽፈው ተናግራ ነበር። ሚስቱ ቤተሰቡን የማስፋቱን አካላዊ ድካም ስትወጣ እሱ ሜዳው ላይ ሆኖ እያሸነፈ ይቀጥል ነበር ባይ ናት። ንጽጽሩን ማየት ለሚሻ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከእሷ በሰባት ሳምንት የሚበልጠው ሮጀር ፌደረር በ2009 መንታ፣ በ2014 ሌላ መንታ ወልዷል፤ የአራት ልጆች አባት ሆኖ በ2017ና በ2018 ሦስት ግራንድ ስላም አነሳ። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም። ግን የሁለቱን የዋንጫ ቁጥር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ ውስጥ “ማን አረገዘ” የሚል ዓምድ የለም። 24ን በወንዶቹ በኩል ኖቫክ ጆኮቪች በ2023 ደረሰበት፤ እሱም የሁለት ልጆች አባት ነው።

*

ኦገስት 29 ቀን 2022 ኒውዮርክ፣ አርተር አሽ ስታዲየም። ሴሬና ለመጨረሻው ዩኤስ ኦፕኗ ገባች። አምስት ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን የቀራት ኦሊምፒያ ጸጉሯ ላይ ነጭ ዶቃ ተደርጎላት ተመልካቹ መሐል ተቀምጣለች፤ እናቷ በ1999 ስታሸንፍ ያደረገችው ዓይነት ዶቃ። መጀመሪያ ዳንካ ኮቪኒችን፣ ቀጥሎ የዓለም ቁጥር ሁለቷን አኔት ኮንታቬይትን አሸነፈች። በአርባ ዓመቷ።

በሦስተኛው ዙር አውስትራሊያዊቷ አይላ ቶምሊያኖቪች ገጠመቻት። የመጀመሪያውን ሰት 7 ለ 5 ተሸነፈች፤ ሁለተኛውን በታይብሬክ ወሰደች። ሦስተኛው ላይ እግሯ ከዳት፤ 5 ለ 1። በመጨረሻው ጌም ቶምሊያኖቪች ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት ሴሬና መለሰችባት። እንደገና ቀራት፤ እንደገና መለሰችባት። አምስት ጊዜ። በስድስተኛው ኳሷ መረቡ ላይ ቀረች። ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ ነበር።

በመዝገቡ ላይ ያቺ ምሽት በአንድ መስመር ሰፍራለች፦ 7 ለ 5፣ 6 ለ 7፣ 6 ለ 1፤ ሽንፈት፣ 156ኛ።